ብሬን ኮራልን በአማርኛ ምን እንበለው? አንድ ጥያቄና 32 መልሶች

ቀላል ጥያቄ መስሎኝ ነበር የለጠፍኩት። ለልጆች በሚዘጋጅ የባሕር እንስሳት መጽሐፍ ላይ ከፎቶዎቹ ሥር የሚገባውን ጽሑፍ የምጽፈው እኔ ነኝ። ከፎቶዎቹ አንዱ ድቡልቡል ድንጋይ የመሰለ ነገር ያሳያል። ላዩን ከዳር እስከ ዳር የተጠማዘዘ ቦይ ሞልቶታል። ፈረንጆቹ ብሬን ኮራል ይሉታል። እኔም ብዙ ሳላስብ «የአእምሮ ኮራል» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ደግሞ በደቃቅ ፊደል ሳይንሳዊ ስሙን፣ ዲፕሎሪያ ላቢሪንቲፎርሚስ የሚለውን ጨመርኩ። ኢንተርኔት ላይ መጀመሪያ ዓይኔ የገባው ስም እሱ ነበር።

ከዚያ በኋላ ልቤ አላርፍ አለ። ወደ አንድ የኢንተርኔት መወያያ መድረክ ገብቼ ሁለት ነገር ጠየቅኩ። ስሙ በአማርኛ ልክ ነው ወይ? ይህ ፍጡርስ ከአንጎል ጋር ምን አገናኘው? ጽሑፉ የሚገባበት ሳጥን ጠባብ ስለሆነ፣ ባዶ ቦታው ተቆጥሮ ከ14 ፊደል መብለጥ እንደማይችልም አሳወቅኩ። የመጡልኝን መልሶች እንዳሉ አልገለብጣቸውም። በየቁጥራቸው በራሴ አፍ ልንገራችሁ።

1ኛው መልስ እንደ ደህና ሽማግሌ ሰላምታ አስቀድሞ ገባ። ስሙ ስለ መልኩ እንጂ ስለ ሥራው እንዳልሆነ አስረዳኝ። የሰው አንጎል ከላይ ሲታይ ሸንተረርና ሸለቆ ነው። የኮራሉም ገጽ እንደዚያው ነው፤ ቅርፁም አብዛኛውን ጊዜ ክብ ነው። ሌላ ዝምድና የላቸውም። ኮራል ድንጋይም ተክልም ሳይሆን እንስሳ መሆኑንም አስታወሰኝ። ያ ድቡልቡል ነገር ፖሊፕ የሚባሉ ጥቃቅን እንስሳት የሰፈሩበት መንደር ነው። ፖሊፖቹ እየተከፈሉ የተባዙ ስለሆኑ በዘረመል አንድ ናቸው። ከሥራቸው ካልሲየም ካርቦኔት እያመነጩ ጠንካራ አጥንት ይገነባሉ። ፎቶው ላይ የሚታየው ቅርፅ የዚያ አጥንት ነው፤ ሥጋው ላዩ ላይ የተዘረጋ ስስ ልባስ ነው።

2ኛው በዚህ ተስማምቶ አንድ ነገር ጨመረ። ኮራል አንጎል የሚባል ነገር ጭራሽ የለውም። የነርቭ ሴሎቹ በሰውነቱ ላይ እንደ መረብ ተበትነው ነው ያሉት፤ አለቃም ማዕከልም የላቸውም። እንግዲህ ስሙ ራሰ በራውን ሰው ጎፈሬው ብሎ እንደመጥራት ሆነ አለና ሳቀ።

3ኛው መልስ ከሳቅ ምልክት በስተቀር ምንም አልነበረውም። ምን እንዳሳቀው የገባኝ 4ኛውን ሳነብ ነው። «አእምሮ» የሚለው ቃል አእመረ ከሚለው የግዕዝ ግስ የመጣ ነው፤ ፍቺው ማወቅ ነው። የራስ ቅል ውስጥ ያለው ሥጋ ግን አንጎል ነው። የአእምሮ ሕመም፣ የአእምሮ ዕድገት ስንል ስለ ማሰብና ስለ ማወቅ እየተናገርን ነው። ስለዚህ የኔ «የአእምሮ ኮራል» ፎቶው ላይ ያለው ፍጡር ቁጭ ብሎ የሚያስብ አስመስሎታል። መልሱ በትህትና የተጻፈ ነበር። ሆኖም ጆሮዬ እስኪግል ድረስ አፈርኩ። መጽሐፉ ቢታተም ኖሮ ስንት ልጅ እንደዚያ ብሎ ይማር እንደነበር አስቡት።

5ኛው ነገሩን በአንድ መስመር ጨረሰው። «የአንጎል ኮራል» በለውና ተገላገል ነው ነገሩ። እኔም ተገላገልኩ ብዬ ነበር። 6ኛው ሰው ግን የሕክምና ተማሪ ሆኖ ተገኘ። በእሱ ጆሮ «የአንጎል» ብሎ የሚጀምር ነገር ሁሉ በሽታ ነው። የአንጎል ዕጢ፣ የአንጎል ደም መፍሰስ፣ የአንጎል ኮራል። ሐኪም ቤተሰቡን ጠርቶ የሚያረዳው ዓይነት ስም! እሱ ያቀረበው «አንጎል መሰል ኮራል» የሚለውን ነው። ኮራሉ አንጎልን ይመስላል እንጂ የአንጎል ንብረት አይደለምና።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም «እርስዎ» እያለ ነበር የጻፈልኝ። 7ኛው መጣና «አንተ» ብሎ ጀመረ። ደግሞ አላዘነልኝም። ይህን ያህል ጥንቃቄ ከየት መጣ ነው የሚለው። የሌሊት ወፍ ወፍ አይደለችም፤ አጥቢ እንስሳ ናት። ታዲያ «ወፍ መሰል» ያላት ማን ነው? ባሕር ዛፍ ባሕር ውስጥ አይበቅልም። የባሕር ፈረስ ዓሣ ነው፤ ኮርቻ ሲጫንበትም አልታየም። ስም ለመጠሪያ እንጂ ለማስተማሪያ አልተፈጠረም ባይ ነው። «አንጎል ኮራል»፣ ሁለት ቃል፣ በቃ። ሰውየው ቁጡ ቢሆንም ክርክሩ ከባድ ነው። እውነቱን ልናገርና እኔም ለአንድ ሌሊት ወደ እሱ አዘንብዬ ነበር።

8ኛው የ7ኛውን አነጋገር ነቀፈና ሄደ። 9ኛው ያው የሕክምና ተማሪው ነው። የሌሊት ወፍን ስም ያወጡት በየምሽቱ የሚያዩአት ሰዎች ናቸው አለ። ስሟ ቢያሳስት ዓይን ያርመዋል። ይህን ኮራል ግን ከመጽሐፉ አንባቢ ልጆች ብዙዎቹ በዓይናቸው አይተውት አያውቁም። የሚያርም ከሌለ ስሙ ራሱን ችሎ እውነቱን መናገር አለበት። «መሰል» የምትለዋ ሦስት ፊደል ያን ሁሉ ሥራ ትሠራለች። እኔን ከ7ኛው መልሶ የወሰደኝ ይህ ነው።

10ኛው የጠየቀው እኔ መጠየቅ የነበረብኝን ነው። ሁለቱ ለምን ተመሳሰሉ? ተማሪው በ11ኛው ተመልሶ መጣ፤ አሁን ደስ ብሎት ነበር የሚጽፈው። የአንጎል ውጫዊ ሽፋን ከውስጠኛው ክፍል ፈጥኖ ስለሚያድግ ቦታ ያጥረዋል፣ ስለዚህም ይሸበሸባል። እ.ኤ.አ. በ2016 ተመራማሪዎች የፅንስ አንጎል ቅርፅ ከጄል ሠርተው ፈሳሽ ውስጥ ነከሩት። ላይኛው ሽፋን ሲያብጥ ጄሉ ተሸብሽቦ የእውነተኛውን አንጎል መልክ ያዘ። ከሰው አንጎል ገጽ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በእጥፋቱ ውስጥ ተደብቆ ነው ያለው።

የኮራሉ መንገድ ሌላ ነው። እዚያ የሚታጠፍ ነገር የለም። የብዙ ኮራሎች ፖሊፖች ሲከፈሉ በመካከላቸው ግድግዳ ይሠራሉ፤ እያንዳንዱም የራሱ ጎጆ ይኖረዋል። የነዚህ ግን ክፍፍላቸው አይጠናቀቅም። አፍ በአፍ ላይ ይጨምራሉ፣ በአፎቹ መካከል ግን ግድግዳ አያቆሙም። ስለዚህ አፎቹ በአንድ ረጅም ሸለቆ ውስጥ ተደርድረው ይቀራሉ። ግድግዳ የሚኖረው በሸለቆና በሸለቆ መካከል ብቻ ነው። በአጭሩ አንዱ የተሸበሸበ ሽፋን ነው፤ ሌላው ግድግዳ የቀረበት መንደር። ይህን ካነበብኩ በኋላ ፎቶውን እንደገና አይቼው ሌላ ነገር ሆኖ ታየኝ።

12ኛው «ኮራል» የሚለው ባዕድ ቃል ነው ብሎ ተቆጣ። ዛጎል የሚል ቃል እያለን! 13ኛው ዛጎል የቀንድ አውጣና የዘመዶቹ ቤት እንደሆነ፣ እንስሳው ከነሕይወቱ ውስጡ እንደሚኖርበት ገለጸ። የኮራል ፖሊፕ ግን አጥንቱ ላይ ይቀመጣል እንጂ ተሸክሞት አይሄድም። ዝምድናቸውም የራቀ ነው፤ ኮራል የሚቀርበው ለጄሊፊሽ ነው። 14ኛው ከባሕር የወጣ ጠንካራ ነገር ሁሉ ለእሱ ዛጎል እንደሆነና በዚህ ዕድሜው እንደማይለወጥ አሳወቀን። ማንም አልመለሰለትም።

ከ15 እስከ 18 ያሉትን ብዘላቸው ደስ ይለኛል። «አንጎል» በ«ጎ» ነው ወይስ በ«ጐ»? «ባሕር» በየትኛው ሐ? አንዱ ሌላውን ወደ ሀ ሁ ተመለስ እስከማለት ደረሰ። ስለ ኮራሉ አንዲት ቃል አልተነሣችም።

19ኛው ጠላቂ ነው፤ በውይይቱ ውስጥ የምወደው መልስም የእሱ ነው። ቀን ላይ ይህን ኮራል ስታየው የሞተ ድንጋይ ይመስላል ይላል። ፖሊፖቹ መዳሰሻቸውን ወደ ሸለቆው አጥፈው ይተኛሉ። ከእለታት አንድ ቀን ሲመሽ ባትሪ ይዞ ወደዚያው ቦታ ወረደ። ቀን የተመለከተውን ጥምዝምዝ ፈልጎ አጣው። ኮራሉ ጠጉር አብቅሏል። ከየሸለቆው ቀጫጭን መዳሰሻ ወጥቶ በውኃው ውስጥ ይወዛወዛል፤ የሚያልፉ ጥቃቅን የባሕር እንስሳትን እየነደፈ ወደ አፉ ይወስዳል። ጎረቤት ኮራል ከተጠጋው ደግሞ ከሌሎቹ የረዘሙ መዳሰሻዎችን ልኮ ይነድፈዋል፤ ቦታውን እንዲህ ነው የሚያስከብረው። ጠላቂው የሚለው፣ ስሙን የሰጠው ሰው በሌሊት አይቶት ቢሆን ኖሮ አንጎል የሚለው ቃል በሐሳቡ አይመጣም ነበር።

20ኛው ፎቶው የት እንደተነሣ ጠየቀ። ቀይ ባሕር ነው አልኩ። ምነው ዝም ባልኩ!

21ኛው ወዲያው ተንጨረጨረ። ዲፕሎሪያ ላቢሪንቲፎርሚስ ቀይ ባሕር ውስጥ የለም። የሚኖረው በአትላንቲክ ምዕራባዊ ዳርቻ ነው፤ ካሪቢያን፣ የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ፣ ቤርሙዳ። ለልጅ የሚጽፍ ሰው ያገኘውን ሁሉ ከኢንተርኔት እየለቀመ አይለጥፍም ብሎ ገሠጸኝ። ምን ልበል? ልክ ነው።

22ኛው ደግሞ ያንኑ እውነት በማር ለውሶ አቀረበው። ብሬን ኮራል የአንድ ዝርያ ስም አይደለም። ብዙ ዝርያዎች፣ ብዙ ወገኖች፣ ከአንድ በላይ ቤተሰቦችም በዚህ ስም ይጠራሉ። አንዳንዶቹ የቅርብ ዘመድ እንኳ አይደሉም፤ ያገናኛቸው የእኛ ዓይን ነው። ሳይንቲስቶቹም በመልክ ተታለው ያውቃሉ። ዲፕሎሪያ ይባሉ ከነበሩት ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ተለይተው ፕሲዶዲፕሎሪያ ተባሉ፤ ትርጉሙ ሐሰተኛ ዲፕሎሪያ ነው። (ያን ስም ሳነብ ትንሽ ተጽናናሁ።) በቀይ ባሕር በብዛት የሚገኘው ፕላቲጋይራ የሚባለው ወገን ነው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1834 ያወጣው ጀርመናዊው ኤረንበርግ ነው። ከጓደኛው ከሄምፕሪክ ጋር በቀይ ባሕር ዳርቻ ለዓመታት ሲሰበስቡ ቆይተው፣ ሄምፕሪክ እ.ኤ.አ. በ1825 ምጽዋ ላይ በትኩሳት ሞተ። ኤረንበርግ ብቻውን ተመልሶ ነው የጻፈው።

23ኛው የስም ፍቅር የያዘው ሰው ነው። ፕላቲጋይራ ውስጥ ያለችው «ጋይራ» ዙሪያ ወይም ጥምዝ የሚል የግሪክ ቃል ናት፤ ሐኪሞች የአንጎልን ሸንተረር ጋይረስ የሚሉትም ከዚያው ነው። ስለዚህ ሳይንሳዊው ስምም ሳይናገር አንጎልን ይነካካል። ላቢሪንቲፎርሚስ ደግሞ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 የሰጠው ነው፤ መውጫው የሚጠፋ ቤት የሚመስል ማለት ነው። ዴዳሊያ የተባለው ዝርያ በግሪክ ተረት ያን ቤት በሠራው በዴዳሎስ ስም ተሰየመ። ሜአንድሪና የተባለው ወገን ስሙን የወሰደው ዛሬ ቱርክ በሚባለው አገር እየተጠማዘዘ ከሚፈሰው ከሜአንደር ወንዝ ነው። አንዱ አንጎል ያየበትን ሌላው ቤት፣ ሌላው ወንዝ አይቶበታል።

24ኛው ስለ መጠን አወራ። በቶቤጎ ደሴት አጠገብ 3 ሜትር ያህል ቁመትና 5 ሜትር ያህል ስፋት ያለው አለ፤ በዓለም ከታወቁት ትልልቆቹ አንዱ ነው። ትልልቆቹ እስከ 900 ዓመት ሊኖሩ እንደሚችሉ ይነገራል። 25ኛው ካልኩሌተር አወጣ። በዓመት 3.5 ሚሊሜትር ያድጋል ብንል፣ 3 ሜትር ለመድረስ 857 ዓመት ይፈጅበታል። ስለዚህ 900 የተጋነነ አይደለም ብሎ ደመደመ። 26ኛው ዕድገቱ እንደ ዝርያውና እንደ ውኃው ስለሚለያይ በአንድ ቁጥር አካፍሎ ዕድሜ ማውጣት እንደማይቻል አስጠነቀቀ። ትክክለኛው መንገድ አጥንቱን ሰርስሮ የዕድገት ቀለበቱን መቁጠር ነው፤ እንደ ዛፍ። በቤርሙዳ እንዲህ እየቆጠሩ የድሮውን የባሕር ሙቀት ያጠናሉ።

27ኛው በመኖሪያ ቤት ጨው ውኃ ገንዳ ውስጥ ኮራል የሚያሳድግ ሰው ነው። በንግዱ ዓለም ስሙ እንዴት እንደተለጠጠ ነገረን። ትራኪፊሊያ የሚባል ሥጋው ያበጠ፣ ቀለሙ የሚያበራ ኮራል አለ። ብዙውን ጊዜ ድቡልቡልም አይደለም፣ አሸዋ ላይ ጋደም ብሎ ነው የሚኖረው። ሻጮች ግን «ክፍት አንጎል» ይሉታል። እሱ ራሱ መጀመሪያ ሲገዛ ክብ ነገር ጠብቆ፣ የተላከለት የተጨማደደ መሐረብ የመሰለ ነገር ሆነበት። ሻጩን ሲጠይቀው ስሙ ይኸው ነው ተባለ።

28ኛው ላይ ውይይቱ መንገድ ሳተ። ለውዝ መሳዩ ዋልነት አንጎል ስለሚመስል ለአንጎል ይበጃል እንደሚባለው ሁሉ፣ የዚህ ኮራል ዱቄትም ለማስታወስ ችሎታ ይጠቅማል የሚል ነገር ለጠፈ። 29ኛው አልራራለትም። በዚህ አያያዝ ባቄላ ለኩላሊት ሊታዘዝ ነው አለ። ሲቀጥልም ተክል የመሰለውን አካል ይፈውሳል የሚለው ሐሳብ በአውሮፓ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የነበረ ግምት እንጂ መድኃኒት እንዳልሆነ ነገረው። ኮራል ካልሲየም ካንሰር ይፈውሳል እያሉ የሸጡ ሰዎችን የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2003 ከስሷቸዋል። ድንጋያማ ኮራሎችም ሳይቴስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ስላሉ፣ ድንበር ለማሻገር ፈቃድ ይጠየቅባቸዋል። ቃሉ ሸካራ ነበር፤ ያለው ነገር ግን መባል ነበረበት።

30ኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ገባ። ስለ ስም ስንጨቃጨቅ ባለ ስሙ እየሞተ ነው አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 በፍሎሪዳ፣ ማያሚ አካባቢ የድንጋያማ ኮራሎችን ሥጋ ከአጥንታቸው የሚገፍ በሽታ ታየ። ከዚያ በካሪቢያን ተዛመተ። ቶሎ ከሚያዙት መካከል የአትላንቲኮቹ አንጎል መሰሎች ይገኙበታል። ለዘመናት የቆመ ኮራል በሳምንታት ወይም በወራት ያልቃል። ጠላቂዎች አሞክሲሲሊን በቅባት ለውሰው ቁስሉ ላይ ይለጥፋሉ። አዎ፣ እኛ የምንውጠው አሞክሲሲሊን። በዚያ ላይ የውኃው ሙቀት አለ። ሙቀት ሲበዛ ሥጋቸው ውስጥ የሚኖሩትና አብዛኛውን ምግብ የሚያዘጋጁላቸው ጥቃቅን አልጌዎች ይወጣሉ። ኮራሉ ይነጣል፤ ከቆየበትም በረሃብ ይሞታል። ከዚህ በኋላ ለተወሰኑ ሰዓታት ማንም አልጻፈም።

እኔ ዝምታውን የሰበርኩት በራስ ወዳድነት ነው። በዲፕሎሪያ ፈንታ ፕላቲጋይራ ብዬ ልጻፍ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። 31ኛው ፎቶውን አጉልቶ አይቶት ነበር። ከዚህ ርቀት ፕላቲጋይራ ይሁን ሌፕቶሪያ የሚባለው ሌላ ወገን ለማለት እንደሚከብድ፣ እርግጠኛ ለመሆን የሸለቆውን ወለልና የግድግዳውን አሠራር በቅርብ ማየት እንደሚያስፈልግ ነገረኝ። ባለሙያ እንኳ የሚያመነታበትን እኔ በደቃቅ ፊደል ልወስንበት ነበር። ሳይንሳዊውን ስም አጠፋሁት። ከዚያ ፊደል ቆጠርኩ። «አንጎል መሰል ኮራል» ባዶ ቦታው ተቆጥሮ 12 ነው። ሳጥኑ ውስጥ ገባ፤ ሁለት ፊደልም ተረፈኝ። የወሰንኩትን ለመድረኩ ጻፍኩ፣ ሁሉንም አመሰገንኩ።

32ኛው መልስ ከ7ኛው ሰውዬ ነው። አልተቀየረም። እሱ እስኪሞት ድረስ «አንጎል ኮራል» ነው የሚለው፤ የሌሊት ወፍንም ደግሞ አነሣት። መጽሐፉ ሲወጣ ግን አንድ ቅጂ እንድልክለት ጠየቀኝ። ይህን ሲጠይቅ «እርስዎ» ብሎኛል።